ባለ 72 ቮልት የኤሌክትሪክ ስኩተር፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ሞተሩ የኋላ ጎማው ውስጥ ነው፤ ኃይሉን የሚያገኘው በተከታታይ ከተያያዙ ስድስት ባለ 12 ቮልት፣ 20 አምፒር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪዎች ነው። ለወራት ከተማ ውስጥ በየቀኑ ከሠራ በኋላ ሞተሩ ዛሬም ምንም አልሆነም። ችግር የሚመጣው ከባትሪውና ከሽቦ ማያያዣዎቹ ነው።

ሻጭ የሚናገረው ርቀት ብዙውን ጊዜ በዝግታ፣ በሜዳ ላይ፣ ቀላል ሰው ይዞ የተለካ ነው። ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩት፦ 72 ቮልት በ20 አምፒር ሰዓት ሲባዛ 1,440 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ባትሪው የሚይዘው ኃይል ይህ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ግድም ሲነዳ ለአንድ ኪሎ ሜትር 30 ዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ ስለዚህ በወረቀት 48 ኪሎ ሜትር ነው። ሊድ አሲድ ተሟጦ ባለቀ ቁጥር ዕድሜው ስለሚያጥር 35 አካባቢ ላይ ማቆም ይሻላል። ዳገት ወይም ተሳፋሪ ካለ ከዚያም ይወርዳል።

ጎድሎ የከረመ ባትሪ ውስጡ ባሉት የሊድ ሰሌዳዎች ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው ይጠነክርበታል፤ ከዚያ በኋላ መጠቆሚያው ሙሉ ቢያሳይም ዳገት ላይ ወዲያው ይወድቃል። ግማሹ ቢቀርም ማታውኑ ቻርጅ ላይ ይሰኩት። ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ ሞልተው ብሬከሩን (ባትሪውን ከስኩተሩ የሚያቋርጠውን ማብሪያ ማጥፊያ) ያጥፉ፤ ማንቂያ ደወሉ ስኩተሩ በቁልፍ ተዘግቶም ባትሪ ይመጥጣል።

ርቀቱ በድንገት ካጠረ ስድስቱም ሞቱ ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ደክሞ ሌሎቹን እየጎተተ ነው። ሙሉ ቻርጅ ያድርጉ፣ መጠቆሚያው ግማሽ እስኪደርስ ይንዱ፣ ሰዓት ያህል ያሳርፉ፣ ከዚያ እያንዳንዱን በቴስተር ይለኩ። ከጓደኞቹ በግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ያነሰው ተጠርጣሪው እሱ ነው። ሲፈቱ ብሬከሩን ያጥፉ፣ ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፣ የብሎን መፍቻውን በፕላስተር ይጠቅልሉ፤ 72 ቮልት በብረት ከተገናኘ ያቃጥላል። ባትሪዎቹ ካረጁ አንዱን ብቻ በአዲስ መተካት ገንዘብ ማባከን ነው፦ አሮጌዎቹ ቀድመው ሲሞሉ ቻርጀሩ ያቆማል፣ አዲሱ ሁልጊዜ እንደጎደለ ይቀራል።

ስኩተሩ መብራቱ በርቶ አልሄድ ሲል ብዙ ሰው ኮንትሮለሩ (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥነው ሳጥን) ተቃጠለ ብሎ ይደመድማል። መጀመሪያ የኋላውን የፍሬን መብራት ይመልከቱ። ፍሬን ሳይዙ በርቶ ከቀረ የፍሬን እጀታው ውስጥ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ተጣብቃለች፤ ሞተሩን የምታቋርጠው እሷ ናት። ሶኬቷን ነቅለው ሲሞክሩ ከሄደ እሷን መቀየር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የኋላ ጎማ ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካላማዳሪ የሌለው ጎማ ከሆነ ሳይወልቅ ይደፈናል። ማውለቅ ግድ ከሆነ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ወፍራም ሽቦዎቹን እንዲሁም ቀጭኑን የሴንሰር ሶኬት ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ ያንሱ። አክሰሉ እንዳይዞር የሚይዘውን ጥርስ ያለው ሮንዴላ በቦታው ይመልሱ፣ ዳዶውን በደንብ ያጥብቁ። ከላላ ሞተሩ ራሱን አክሰሉን አሽከርክሮ ሽቦውን ይበጥሳል። ወፍራሞቹ ሽቦዎች መጋጠሚያ ላይ ፕላስቲኩ ከቀለጠ ግንኙነቱ ላልቷል ማለት ነው፤ ወዲያው ይቀየር። በግፊት ውኃ አይታጠብ፤ በሽቦ መግቢያው በኩል ገብቶ ኩሽኔታውን ያዝጋል።

ባለ 125 ሲሲ የቤንዚን ስኩተር የሞተር ዘይት፣ የማርሽ ዘይት፣ ካንዴላ፣ የአየር ማጣሪያ፣ በ20,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ደግሞ ቺንጋ ይጠይቃል። እዚህ ይህ ሁሉ የለም፤ ፍሬን ሸራና ጎማ ብቻ ነው። ሆኖም ሁለት ሰው ጭኖ ረጅም ዳገት ለሚወጣ፣ ወይም ማደሪያው አጠገብ ሶኬት ለሌለው ሰው ቤንዚኑን እመርጥለታለሁ።

አዲስ የሚገዛ ሰው ሊቲየም ባትሪ ያለውን ይውሰድ። ስድስቱ ሊድ አሲዶች 40 ኪሎ ግድም ሲመዝኑ ሊቲየሙ ከግማሽ በታች ነው፣ ተነቅሎም ቤት ይገባል። ነባሩን ለመለወጥ ከታሰበ ቻርጀሩም አብሮ ይለወጥ፦ የሊድ አሲዱ እስከ 88 ቮልት ይገፋል፣ በተከታታይ 20 ሴል ያለው ሊቲየም ግን ከ84 ማለፍ የለበትም። የባትሪ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው የሚችለው አምፒርም ኮንትሮለሩ ላይ ከተጻፈው አያንስ፤ ካነሰ ዳገት መሃል ኃይሉን ይቆርጣል።