አሽዶድና አካባቢው ያላችሁ፣ ሬዚን (ፋይበር ግላስ ጨርቅ ላይ ፈስሶ ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ) ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ንዴቴ ገና አልበረደም። ቢሆንም ሌላ ሰው ነገ ሄዶ እዚያው ከመግዛቱ በፊት ልጻፈው ብዬ ነው።

የሱቁን ስም አልጠራም። ፋይበር ግላስና የጀልባ ቀለም የሚሸጡትን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ስትገቡ «አኺ» ናችሁ፣ «ወንድሜ» ማለታቸው ነው። ቡና ይቀርባል። «ለአንተ ብቻ» ተብሎ ዋጋ ይቀነሳል። ገንዘቡ መሳቢያ ከገባ በኋላ ግን የሚያውቃችሁ የለም።

የእህቴ ልጅ ሰርፍ ይጫወታል፤ በሰሌዳ ቆሞ ማዕበል ይጋልባል። ትልልቁ ማዕበል ከመምጣቱ በፊት የሰርፍቦርዱን ፊኖች፣ ከሥሩ የሚገጠሙትን መቅዘፊያ መሳይ ክንፎች፣ በእጁ ሊሠራ ፈለገ፤ ሦስቱንም፣ የግራ የቀኙንና የመሀሉን። እኔ ድሮ ጀልባ ጥገና ላይ ስለሠራሁ አግዝሃለሁ አልኩት።

ፊን ለመሥራት መጀመሪያ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ይዘጋጃል። ሰም በተቀባ መስታወት ላይ የፋይበር ግላስ ጨርቅ ይነጠፋል፣ ጨርቁ ሬዚን እንዲጠጣ ይደረጋል፣ ሌላ ይደረባል። በካሬ ሜትር 200 ግራም በሚመዝነው ጨርቅ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ለማግኘት ከ30 ድርብ በላይ ያስፈልጋል። ሁሉም በአንዴ ከተደረበ ስለሚግል ሥራው በየተራ ነው። ከዚያ ቅርጹ ይቆረጣል፣ ይሞረዳል። የጎኖቹ ፊኖች በውስጥ በኩል ጠፍጣፋ፣ በውጭ በኩል ጎበጥ ያሉ ናቸው፤ የመሀሉ በሁለቱም በኩል እኩል ይጎብጣል። ልጁ ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ስሎ፣ ቆርጦ፣ አዘጋጅቶ ነበር የጠበቀኝ።

ጣሳው ሲከፈት ሬዚኑ እንደ ማር ወፍሯል። ሱቁ ደወልኩ። ሻጩ «አየሩ ቀዝቅዞ ነው፣ እመነኝ» አለኝ። ሬዚኑን የሚያደርቀውን ማጠንከሪያ በሚዛን ለክተን 2 በመቶ ጨመርን። በማግስቱ ሰሌዳው በጥፍር ይበሳ ነበር። ላዩ ብቻ ቢያጣብቅ ዝም እል ነበር፤ ሰም የሌለው ሬዚን አየር የሚነካው ገጹ እንደሚያጣብቅ አውቃለሁ። ይሄ ግን እስከ ውስጡ ነው ያልደረቀው። በጂግሶ፣ በኤሌክትሪክ መጋዝ፣ ስንቆርጠው ድርቦቹ ተላቀቁ። ጨርቁም አብሮ ከሰረ። ከ500 ሸቀል በላይ ነው የወጣው።

ጣሳውንም የማጠንከሪያውን ጠርሙስም የተላቀቀውንም ሰሌዳ ይዘን ሱቁ ሄድን። ሻጩ ሰሌዳውን በሁለት ጣቱ አነሳና ባንኮኒው ላይ ጣለው። «መቀላቀል አትችሉም» አለ። መጠኑን ነገርኩት። ስልኩን ያያል እንጂ አይሰማኝም። በዚህ መሀል ልጁ ጣሳውን አዟዟረው። ሬዚን በፈሰሰበት በኩል የስቲከሩ ጠርዝ ተነስቷል። በጥፍሩ ያዘው፣ ሳብ አደረገው፣ ሙሉውን ተላጠ። ከሥሩ የፋብሪካው ወረቀት ወጣ። ላይኛው ላይ ያለው የማብቂያ ቀን ገና ዓመት ይቀረዋል። የታችኛው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ሻጩ አልደነገጠም። ያቃጠለኝ ይሄ ነው። እጁን ዘርግቶ ቀኑን በመዳፉ ሸፈነና ጣሳውን ወደ ራሱ ሊስብ ሞከረ። ልጁ አልለቀቀም። ያኔ ወደ ባልደረባው ዞሮ፣ እየሳቀ፣ «እነዚህ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው ሰርፍ የሚያውቁት?» አለው። እኔ ዕብራይስጥ ዘግይቶ ነው የሚገባኝ። ልጁ ግን እዚሁ ነው የተወለደው፤ ከእኔ ቀድሞ ሰማው። ፊቱ ተለወጠ። ጣሳውን ግን እንደያዘ ነው።

ገንዘቡን አልመለሱም። «የተከፈተ ዕቃ አንቀበልም» አሉ። ጣሳ ሳይከፈት ሬዚን መበላሸቱ በምን ይታወቃል?

ደግሞስ ከመቼ ጀምሮ ማለት ምን ማለት ነው? ሰርፍን እዚህ አገር ያመጣው ዶሪያን ፓስኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1956። ከዚያ በፊት ለሻጩም አያት እንግዳ ነገር ነበር። ይህ ልጅ ያደገው እዚህ ባሕር ዳር ነው። ማዕበል ላይ ለመቆም የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። 500 ሸቀሉን እረሳው ይሆናል፣ ያቺን ሳቅ ግን አልረሳትም።

የምትገዙ ካላችሁ ጣሳውን እዚያው ሱቁ ውስጥ አዟዙሩት። በስቲከር ላይ ስቲከር ካለ ጥላችሁ ውጡ። ቤት ስትደርሱ ጨርቁን ከማበላሸታችሁ በፊት በትንሽ ኩባያ ቀላቅላችሁ ሞክሩት። ማጠንከሪያው ዓይን ያጠፋል፣ ያለ መነጽር አትንኩት።

ደረሰኙ እጄ ላይ ነው። የሁለቱንም ቀኖች ፎቶ ልጁ አንስቷል። ትናንሽ ክሶች የሚታዩበት ፍርድ ቤት ጠበቃ አያስፈልግም፤ ቅጹን እየሞላን ነው። ከዚያው ሱቅ ገዝታችሁ ሬዚን አልደርቅ ያላችሁ ካላችሁ ጣሳውን አትጣሉት፣ ስቲከሩን ልጣችሁ አይታችሁ ጻፉልኝ።