ቆዳዬን ሳይፈትኑ ፀጉር አልተክልም ላሉኝ ሐኪም ምስጋና

ይህን የምጽፈው አንዲት የቆዳ ሐኪምን ለማመስገን ነው። ስማቸው እንዲነሣ ስላልፈለጉ አሠራራቸውን ብቻ እናገራለሁ።

የፊተኛው ፀጉሬ ከሳሳ ዓመታት አልፈዋል። ሰው ሠራሽ ፀጉር ለማስተከል አስቀድሜ የጠየቅሁበት ቦታ በአንድ ቀን ጨርሰው እንደሚሸኙኝ ሲነግሩኝ፣ ቆዳዬ ይቀበለው እንደሆነ ያነሣ አልነበረም። ሐኪሟ ግን በመጀመሪያው ቀጠሮ መርፌ አላነሡም። ስለ አለርጂና ስለ ስኳር ሕመም ጠይቀው የራስ ቆዳዬን በማጉያ ከመረመሩ በኋላ፣ ፋይበሩ፣ ማለትም ሰው ሠራሹ የፀጉር ክር፣ የሚሠራበት ፖሊአሚድ የተባለ የናይሎን ዓይነት ፕላስቲክ በቤተ ሙከራ ቢፈተንም የእያንዳንዱ ሰው ቆዳ የሚሰጠው ምላሽ እንደሚለያይ አስረዱኝ። የራሳችን ፀጉር ከሥሩ ጋር የቆዳው አካል ነው፤ ፋይበሩ ግን ቆዳን በስቶ የሚቆም ባዕድ ነገር በመሆኑ በቀዳዳው ዙሪያ ቅባት ይጠራቀማል፣ ባክቴሪያም መግቢያ ያገኛል፣ ሰውነትም በብግነት ሊታገለው ይነሣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 እንዲህ ያሉ ፋይበሮችን ማገዷንም አልደበቁኝም። ከዚህ ሥራ ገቢ የሚያገኝ ሰው እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያም መቶ ያህል ፋይበር ብቻ በትንሽ ቦታ ተክለው አንድ ወር እንድጠብቅ አዘዙኝ። በሦስተኛው ሳምንት በበርካታዎቹ ሥር ቅላት ታየ፤ ጠዋት ትራሴ ላይ ስደገፍም ቦታው ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ስደውልላቸው በማግስቱ ተቀበሉኝ። በማጉያው አይተው «ቆዳህ አልተቀበለውም፤ እዚህ ላይ እናቆማለን» አሉኝና ፋይበሮቹን አንድ በአንድ በወረንጦ ነቀሉልኝ። የአንዱን ጫፍ በመዳፌ ላይ አድርገው አሳዩኝ፤ ቆዳ ሥር እንዲይዝ ታስባ የተሠራች፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ቀለበት መሳይ ቋጠሮ ነበረችበት። ቁስሉ እስኪደርቅም ሁለት ጊዜ ጠርተው አዩኝ።

ቆዳው የተቀበለለት ሰው ቢሆን እንኳ ፋይበሩ እንደማያድግ፣ በየዓመቱ የተወሰነው እየወደቀ መተካት እንደሚያስፈልገው፣ የቅባቱ ጽዳትም እንደማይቋረጥ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። አሁን ሚኖክሲዲል የተባለውን የፀጉር ማሳደጊያ መድኃኒት እየተጠቀምሁ ነው፤ ወደፊት ከማጅራቴ በላይ ያለውን የራሴን ፀጉር ከነሥሩ ማዛወር ይቻል እንደሆነ አብረን እናያለን።

ይህን ሕክምና የምታስቡ ሁሉ ሙከራውን የማይዘልል፣ ወሩ ሳይሞላ ቀሪውን የማይተክል፣ ቆዳችሁ እምቢ ሲል ደግሞ ፋይበሩን ራሱ የሚያወጣላችሁ ባለሙያ ፈልጉ። ሐኪሜ ሆይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ቅላቱ ጠፍቷል፣ ጠባሳም አልተወብኝም።