«አይ 7 ነው» ሲሉህ «ስንተኛው?» በል

ከጥምቀት በኋላ ስልኬ አያርፍም። ከሞጣም ከቡሬም ሰርግ የሚቀርጽ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፤ «ለኤዲቲንግ ላፕቶፕ ልገዛ ነው፣ የትኛው ፕሮሰሰር ይሻላል?» አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

እኔ የተማርኩት ተበልቼ ነው። ባሕር ዳር 34,000 ብር ከፍዬ ዩዝድ ላፕቶፕ ገዛሁ። ኪቦርዱ ሥር «ኮር አይ 7» የሚል የኢንቴል ፕሮሰሰር ስቲከር ነበረው። ሻጩ በጣቱ እየነካው «ወንድሜ፣ ይሄ አውሬ ነው» አለኝ። ደብረ ማርቆስ ገብቼ የአንድ የቢቸና ሰርግ ጫንኩበት። ጭፈራው ላይ ስደርስ ከበሮው ቀድሞ ይሄዳል፣ እስክስታው ኋላ ይቀራል። ሙሽራዋ ትከሻዋን አንዴ ከፍ ታደርግና እዚያው ትደርቃለች።

በኋላ ስሙን ሳየው አይ 7-7500ዩ ነው። 7ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ)፣ 2 ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ብቻ። በዓመቱ የወጣው አይ 5-8250ዩ እንኳ 4 ኮር አለው። የፕሮሰሰርን ጉልበት በነጥብ የሚለካውን ሲኒቤንች አር23 የሚባል ፕሮግራም ብሞክርበት 2,000 ነጥብ አልሞላም። ዊንዶውስ 11ም ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛው በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም።

አሁን ሰው የሚከራከርባቸው ሁለት ናቸው፤ የኢንቴል ኮር አይ 5-1135ጂ7 እና የኤኤምዲ ራይዘን 5 5500ዩ። የመጀመሪያው 4 ኮር፣ ሁለተኛው 6። በሲኒቤንች ራይዘኑ ያሸንፋል። የጓደኛዬ 6,800 ገደማ ሲያመጣ የእኔ አይ 5 5,200 ላይ ቆመ። ጓደኛዬ እስካሁን ይጎርርብኛል። እኔ ግን አይ 5ቱን ግዙ ነው የምለው።

ሲኒቤንች የሚለካው ፕሮሰሰሩ በኮሮቹ ብቻ አንድ የ3ዲ ሥዕል ሲሠራ ነው። ቪዲዮ ስንቆርጥ ግን ታይምላይኑን የሚያቀለው የታመቀውን ፋይል የሚፈታው ክፍል ነው። ኢንቴል ኩዊክ ሲንክ ይለዋል። አንዳንድ አዳዲስ የሶኒ ካሜራዎች ቪዲዮውን በኤች.265 (በጣም በሚያምቅ ፎርማት)፣ በ10 ቢት 4:2:2 (ብዙ የቀለም መረጃ በሚይዝ አቀዳድ) ይቀዳሉ። የ11ኛው ጄኔሬሽን ኩዊክ ሲንክ ይሄን ይፈታዋል፤ 5500ዩ ላይ ያለው ክፍል አይፈታውም። ስለዚህ ባለ 6,800 ነጥቡ ማሽን ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚሠራ ቀለል ያለ የቪዲዮው ቅጂ) ካልሠራህለት ይንተባተባል። መብራት በሚሄድበት አገር ሌሊቱን ሙሉ ፕሮክሲ ስትጠብቅ እደር እንግዲህ። በስልክ ወይም በተራ 8 ቢት ካሜራ ብቻ የምትቀርጽ ከሆነ ግን ራይዘኑ ይበቃሃል።

ወደ ዋጋው። ባለ 1135ጂ7 ዴል ላቲቲዩድ 5420 ዩዝድ በ47,000 ገዛሁ። ለራይዘኑ አዲስ በካርቶን 62,000 አሉኝ። በልዩነቱ ራም ጨምርበት፣ ያውም 8 ጊጋ እና 8 ጊጋ አድርገህ። የእኔ ሲመጣ አንድ 8 ብቻ ነበረው፤ ግራፊክሱም አይሪስ ኤክስኢ መባሉ ቀርቶ «ዩኤችዲ» ይላል። በ3,200 ብር ሁለተኛውን ስሰካበት ስሙም ጉልበቱም ተመለሰ።

ኤም 1 ማክቡክ ኤር? 78,000 ጠሩልኝ። ያንን የ4:2:2 ፋይል ይፈታል፣ ፍጥነቱም አይታማም። ግን ራሙ አይቀየርም፤ ባለ 8 ከገዛህ እስከ መጨረሻው 8 ነው። ቢበላሽብኝ እዚህ የሚከፍትልኝ ሰው አላውቅም። አለፍኩት።

ላቲቲዩዱም ቢሆን አስለቅሶኛል። በሁለተኛው ወር ቻርጀሩ ሞተ። በ900 ብር ፎርጅድ ገዛሁ። ቻርጅ ያደርጋል፣ ማሽኑ ግን ኤሊ ሆነ። ሲኒቤንች 1,300! ፕሮሰሰሩ የተቃጠለ መስሎኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠጋኙ አጥፍቶ አበራውና ስክሪኑን አሳየኝ። ቻርጀሩን መለየት አልቻልኩም ይላል። እኔ በየጠዋቱ ሳላነብ ኢንተር እየመታሁ ሳልፈው ኖሬአለሁ። ማሽኑ ቻርጀሩን ካላወቀው ራሱን ያዘገያል። ኦሪጅናል ዩዝድ 65 ዋት በ2,600 ብር ሲሰካበት ነጥቡ ተመለሰ። 900ዋ ውሃ በላት።

ልትገዛ ስትሄድ ሲኒቤንች አር23ን በፍላሽ ያዝ። ዋናው ሙከራ 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሻጩ ቢነጫነጭም አስጨርሰው። ፔስቱ (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያወጣው ቅባት) የደረቀ ማሽን መጀመሪያ ይሮጣል፣ ሲግል ይልፈሰፈሳል። ያ ከሆነ ለማጽጃና ለፔስት የምትከፍለውን ከዋጋው ላይ አስቀንስ፤ እኔ 700 ከፍያለሁ።

ስቲከር አትመን። ሲበራ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1 ተጭነህ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የማሽኑ ቅንብር) ግባ፤ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም እዚያ አለ። ከአይ 5 ወይም ከአይ 7 ቀጥሎ 7500 ካለ 7ኛ፣ 8250 ካለ 8ኛ፣ 1135 ካለ 11ኛ ነው።

ያ አይ 7 አሁን ፎቶ መገልበጫ ሆኗል። ስቲከሩን ልጄ ልጣ ደብተሯ ላይ ለጥፋዋለች።