የደወሌን «የአንድ ቀን ጉብኝት» ከመክፈላችሁ በፊት

የድሬ ልጆች፣ እንግዳ ልታስጎበኙ ያሰባችሁም፣ እባካችሁ ይቺን አንብቡልኝ።

ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዞር ማስታወቂያ አለ። «ደወሌና አሊ ሳቢዬ፣ ደርሶ መልስ፣ ምሳን ጨምሮ 4,500 ብር» ይላል። ደወሌ የኛ የድንበር ከተማ ናት፤ አሊ ሳቢዬ ደግሞ ከድንበሩ ማዶ ጅቡቲ ውስጥ ናት። ለአባቴና ለራሴ 9,000 ብር በቴሌብር ላክሁ። አባቴ የድሮው ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ የደረሰው፣ ድሬንም የቆረቆራት ያ ሀዲድ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደወሌን አላያትም። «አንዴ ልያት» ሲለኝ አልጨከንኩበትም።

ስለ ፓስፖርት ደውዬ ጠይቄያለሁ። ሰውየው «ጣጣ የለውም፣ መታወቂያ ይበቃል፣ እዚያ ያውቁናል» አለኝ።

«ምቹ መኪና» የተባለው ጢም ብሎ የሞላ ሚኒባስ ሆነ። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በዚያ ሙቀት! ደወሌ ስንደርስ አባቴ በላስቲክ የጠቀለላትን መታወቂያ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ዘረጋ። ፖሊሱ በአክብሮት ነው የመለሰለት፦ «አባባ፣ በዚህ አይታለፍም። ፓስፖርት ነው።» ልክ ነው፣ ማዶው ሌላ አገር ነው። አሊ ሳቢዬም ምሳውም ቀሩ። አባቴ የድሮውን ጣቢያ እንኳ ልይ ቢል ሾፌሩ «ሰዓት የለንም» አለ።

የባሰው ስንመለስ ነው። ሾፌሩ አንድ ግቢ ገብቶ በማዳበሪያ የታጨቀ ልብስ ጫነ። ኬላው ሲቃረብ ረዳቱ አንዱን እሽግ አባቴ እግር ሥር ወሸቀና «ፋዘር፣ ከጠየቁዎት የራሴ ነው ይበሉ» አለው። አባቴ በእግሩ መልሶ ገፋው። «ባቡር ላይ ስኖር የሰው ዕቃ የኔ ነው ብዬ አላውቅም» አለ። ኬላው ላይ ሁለት ሰዓት ቆምን። ዕቃው ተወረሰ። እኛም አንድ በአንድ ተጠየቅን። «የኔ ነው» ያለች አንዲት ልጅ ስሟ ተመዝግቦ እዚያው ቀረች። እያለቀሰች ነበር። ለካ እኛን የሰበሰቡን ለኮንትሮባንድ መሸፈኛ ነው!

ብሬን ልጠይቅ ብደውል ስልኩ አይነሳም። ደረሰኝ የለም፤ የቴሌብሩም ስም የግለሰብ ነው።

ደወሌን ማየት ለምትፈልጉ፦ አዲሱ ባቡርም በዚያው ያልፋል፣ ትኬቱን ከጣቢያው ራሱ ጠይቁ። ድንበር ለመሻገር ፓስፖርት ያዙ፤ ጅቡቲ ሌላ ምን እንደምትጠይቅ ከደላላ አፍ ሳይሆን ከኤምባሲያቸው አጣሩ። ደረሰኝ ለማይቆርጥ ሰው ቀብድም አትስጡ። የማታውቁት እሽግ እግራችሁ ሥር ከገባ እዚያው ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።

ለፖሊስ አመልክቻለሁ፣ የቴሌብሩን መልእክትም አላጠፋሁትም። በዚሁ ጉዞ የተታለላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን እንሂድ።