የሐበሻ ልብስ ሱቃችንን ድረ ገጽ የሠሩልን ልጆች ይመስገኑልኝ

እኔና እህቴ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እንሸጣለን። ደንበኞቻችን ግማሾቹ እዚሁ ናቸው፤ የቀሩት ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ፣ ዱባይ ናቸው። ሰሞኑን አዲሱን ድረ ገጻችንን ያየ ሁሉ "ማን ሠራላችሁ?" እያለ ይጠይቀናል። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ልንገራችሁ፤ በዚያውም ልጆቹን ላመስግን።

ሃያ ሁለት አካባቢ ያለ ትንሽ ስቱዲዮ ነው። አራት ሰዎች ናቸው። ሁለት ዲዛይነሮች፣ አንዲት ፕሮግራመር፣ አንድ ደግሞ ደንበኛ የሚያነጋግርና ሒሳብ የሚይዝ። ሙያቸው ሰው ነካ ነካ እያደረገ የሚመርጥበት፣ የሚቀያይርበት፣ ያማረውን እዚያው የሚያይበት ገጽ መሥራት ነው።

ስንደውልላቸው ዋጋ አልጠሩም። "መጀመሪያ ሱቃችሁን እንይ" አሉ። መጥተው ጥግ ላይ ተቀመጡ፤ ደንበኛ ሲገባ የሚጠይቀውን ይጽፋሉ። "ይሄ መነን ነው ወይስ ፈትል?" "ጥበቡ ደረቱ ላይ ብቻ ቢሆንስ?" "ለእናቴም በዚሁ ቀለም ይገኛል?" "ለጥምቀት ይደርሳል?" ገጹ የተሠራው በእነዚህ ጥያቄዎች ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ጨርቁ፣ ቀጥሎ ጥበቡና የሚገባበት ቦታ፣ ከዚያ ልኩ፣ በመጨረሻ ቀኑ። ደንበኞቻችን "ሱቃችሁ የገባሁ መሰለኝ" የሚሉን ለዚህ ይመስለኛል።

ከሁሉ የበለጠ የወደድኩላቸው የጥበቡን አሠራር ነው። ጥበቡን ፎቶ አንስቶ የቀሚስ ምስል ላይ መለጠፍ ይቀላቸው ነበር። እነሱ ግን ሸማኔያችን ጋ ሄደው ክር ቆጠሩ። ጥበብ ድርና ማግ ተሻግረው የሚያወጡት ቅርጽ ስለሆነ በቁጥር የሚሠራ ነገር ነው። ስንት ክር ተዘሎ ስንት ክር እንደሚያዝ ሸማኔው ያውቁታል። ልጆቹም ያንኑ እየተከተሉ ካሬ በካሬ በቬክተር ሣሉት። ቬክተር ሥዕሉን የሚይዘው በመስመርና በቅርጽ ስለሆነ ምንም ያህል ቢያጎሉት አይደበዝዝም። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ቅርጽ ሲሆን ፋይሉም ከፎቶ በጣም ይቀላል። ቀለም መቀየርም ቀላል ነው፤ ደንበኛዋ አረንጓዴውን ወደ ወርቃማ ስትለውጠው ቀሚሱ ላይ ወዲያው ታየዋለች።

ሸማኔያችን የዶርዜ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በዚህ ሙያ ያሳለፉ። ልጆቹ የሣሉትን ይዘው እየተመለሱ "ጋሼ፣ ይሄ ልክ ነው?" ይሏቸዋል። "አይ፣ ይቺ መስቀል ጫፏ ላይ አንድ ክር ጎድሏታል" ሲሏቸው ያርሙታል። ስልክ ላይ አንድ ክር ማን ያያል? እሳቸው ያያሉ። እነዚህ ልጆች ለእሳቸው ዓይን መጨነቃቸው ልቤን ነካው።

እህቴ ገጹ ላይ በሁሉም አቅጣጫ የሚዞር የስሪዲ (3D) ቀሚስ ፈልጋ ነበር። አልተከራከሯትም። ናሙናውን ሠርተው በሱቃችን ሠራተኛ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ከፈቱላት። ጠበቅን፣ ጠበቅን። ሲመጣም ይንቀራፈፋል። ከዚያ የማይዞረውን፣ ቀላሉን ከፈቱላት፤ ወዲያው መጣ። ውሳኔውን ለእሷ ተዉላት።

ትንንሽ የሚመስሉ ግን ብዙ ራስ ምታት ያስቀሩልን ነገሮችም አሉ። ልብሱ የሚደርስበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይታያል። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ በአብዛኛው ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል። ጳጉሜ 6 ቀን በሆነች ማግስት በሚመጣው ጥር ግን ጃንዋሪ 20 ይሆናል። ይህን ገጹ ራሱ ያሰላዋል። ውጭ ያሉ ደንበኞች ልካቸውን በኢንች ይሞላሉ፤ ለሰፊያችን በሴንቲ ሜትር ተቀይሮ ይደርሰዋል። ፍለጋውም ሰው "ሠርግ" ብሎ ቢጽፍ "ሰርግ" ብሎ ቢጽፍ ያንኑ ልብስ ያወጣል። ፊደሉም ቢሆን ተጨንቀውበታል። ብዙ የአማርኛ ፎንቶች የራሳቸው ደማቅ ቅርጽ የላቸውም፤ ብራውዘሩ በግድ ሲያወፍራቸው ፊደሉ ይደፈናል። እነሱ ይህ እንዳይሆን አድርገው ሠሩት። እናታችን አሁን ገጹን ያለ መነጽር ባይሆንም ያለ እኔ ታነበዋለች።

ስለ አሠራራቸው አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከዚህ በፊት የሠራልን ባለሙያ የድረ ገጻችንን ስም በራሱ ስም አስመዝግቦት ኖሮ፣ ስንለያይ ስሙም አብሮት ሄደ። ደንበኛ በድሮው አድራሻ እየገባ ባዶ ገጽ ያገኝ ነበር። እነዚህ ልጆች ገና በመጀመሪያው ቀን ዶሜኑንም (የድረ ገጹን ስም) ሆስቲንጉንም (ገጹ የሚቀመጥበትን ቦታ) በእኛ ስም አስመዘገቡ፤ የይለፍ ቃሉን እኛው ራሳችን አወጣን። ውሉ በአማርኛ የተጻፈ አጭር ወረቀት ነው። ክፍያው በየደረጃው ነው፤ የተሠራው ታይቶ ይከፈላል። ማስተካከያ ስንት ጊዜ እንደሚካተት፣ ከዚያ በኋላ ስንት እንደሚያስከፍሉ ተጽፏል። ሥራው ካለቀ በኋላም ፎቶና ዋጋ እንዴት እንደምንቀይር ለሠራተኛችን ቁጭ ብለው አሳይተዋታል። አሁን ለአዲስ ቀሚስ ማንንም አንጠራም።

ፈጣን አይደሉም፤ ይህን ቀድማችሁ እወቁት። በአንድ ጊዜ ከሁለት ሥራ በላይ አይዙም። "ለነገ ድረሱልኝ" ለሚል ሰው አይሆኑም። ርካሽ ናቸውም አልልም። እኔ ግን የከፈልኩት አይቆጨኝም።

ስማቸውን እዚህ ያልጻፍኩት ራሳቸው ስለጠየቁኝ ነው። አራት ሰው ስልክ ሲያነሳ ከዋለ ሥራ የሚሠራ አይኖርም። ከልቡ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ የሚያምር ድረ ገጽ ናሙና አትፈልጉ። ደንበኞቻችሁ ቴሌግራም ላይ ደጋግመው የሚጠይቋችሁን ጥያቄዎች ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።