ወገባችንን ከመንካታቸው በፊት ሥራችንን ላዩልን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በአትክልት እርሻ ላይ የሠራተኞች ቡድን አስተባባሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው በወገብ፣ በጉልበትና በትከሻ ሕመም ሲሠቃዩ ለነበሩ ባልደረቦቼና ለእኔም ጭምር እፎይታ ያስገኙልንን አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገንና ተመሳሳይ ችግር ላለበት ሁሉ ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዲነሣ ስላልፈለጉ ፈቃዳቸውን አክብሬ ስለ ሥራቸው ብቻ እናገራለሁ።

በእርሻ ሥራ የኖረ ሰው ቁርጥማትን የሙያው ዕዳ አድርጎ ይቀበለዋል፤ ወገቡ ሲያዝ ማስታገሻ ውጦ ያድርና ሲነጋ ተመልሶ ያጎነብሳል። እኚህ ባለሙያ ግን ማንንም አልጋ ላይ ከማስተኛታቸው በፊት ማሳው ድረስ መጥተው፣ ስናርም፣ ስንለቅምና ሳጥን ስናነሣ ቆመው ተመለከቱ። ለረጅም ሰዓት አጎንብሶ ሲያርም የቆየ አንድ ባልደረባችን ቀና እንዳለ ወዲያው የሞላ ሳጥን ሊያነሣ ሲል አስቆሙት። ሰው ለብዙ ጊዜ ሲያጎነብስ የአከርካሪው ጅማቶች ቀስ በቀስ እንደሚለጠጡ፣ ቀና ሲልም ወዲያው ወደ ነበሩበት እንደማይመለሱና በዚያ መካከል የጀርባ ጡንቻዎች ወገብን የመጠበቅ ችሎታቸው እንደሚቀንስ አስረዱን። ስለዚህ ከባድ ነገር ከማንሣታችን በፊት እጃችንን ወገባችን ላይ አድርገን ወደ ኋላ ለጠጥ እንድንል፣ ጥቂት እርምጃም እንድንራመድ አስለመዱን። ምንም ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው፤ ለእኔ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝም እርሱ ነው።

ቀጥለው ወደ መሣሪያዎቻችን ዞሩ። አጭር እጀታ ያላቸውን መኮትኮቻዎች አይተው ረጅም እጀታ እንድናስገባላቸው መከሩን። በካሊፎርኒያ አጭር እጀታ ያለው መኮትኮቻ በሠራተኞች ወገብ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት በ1975 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መከልከሉን የሰማሁትም ያኔ ነው። ስለ ሸክም ሲያስረዱ ደግሞ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም አንድ ሰው ሊያነሣ የሚገባውን የክብደት ጣሪያ ሲያሰላ የሚጀምረው ከ23 ኪሎ ግራም መሆኑን፣ ይህም ሸክሙ ለሰውነት ቀርቦ፣ ወገብ ሳይዞርና ከፍታውም ተስማሚ ሲሆን ብቻ የሚሠራ እንደሆነ፣ ከመሬት ጎንበስ ብሎ ለሚያነሣ ግን ልኩ እንደሚያንስ ነገሩን። ሳጥኖቻችንን እስከ አፋቸው መሙላት ያቆምነው ከዚያ ወዲህ ነው።

በየሰዓቱ 5 ደቂቃ እንድናርፍ ያቀረቡት ሐሳብ ግን ቶሎ ተቀባይነት አላገኘም፤ በለቀመው ልክ የሚከፈለው ሰው ዕረፍትን እንደ ኪሳራ ቢቆጥር አይፈረድበትም። ባለሙያዋም ይህን ተረድተው፣ ሳጥን ለማስረከብ በምንሄድበት ጊዜ ቀጥ ብለን እንድንራመድና እጃችንን እንድናፍታታ አደረጉ።

ቅርንጫፍ የምትገርዝ አንዲት ባልደረባችን ሌሊት አውራ ጣቷ፣ ጠቋሚዋና የመሐል ጣቷ እየደነዘዙ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሷት ነበር። እኚህ ባለሙያ በእጅ አንጓ ላይ የሚያልፈው ነርቭ መጨቆኑን ጠርጥረው ወደ ሐኪም ላኳት፤ ሐኪሙም ይህንኑ አረጋገጠ። ማታ ማታ አንጓዋን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ እንድታስር፣ የመግረዣው መቀስም ዘወትር እንዲሳል ተደረገ፤ የደነዘዘ መቀስ ከእጅ የሚጠይቀው ኃይል ቀላል አይደለምና።

ሁላችንም ፈጽመን ዳንን ማለቴ አይደለም። የጉልበቱ መጋጠሚያ ለተጎዳው አረጋዊ ባልደረባችን የተበላው ልም አጥንት እንደማይመለስ በግልጽ ነግረውት፣ የጭኑን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሰጡት፤ ዛሬ ሕመሙ ቀንሶለት ይሠራል። ይህ ቅንነታቸው ከሁሉም በላይ እምነት አሳድሮብኛል። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ እንደ ዲክሎፌናክ ያለ ማስታገሻ አዘውትሮ መውሰድ ጨጓራንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ፣ በፀሐይ ውሎ ውኃ ላጠረው ሰው ደግሞ የኩላሊቱ አደጋ እንደሚብስ አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ። የወገብ ሕመም ከእግር መዛል፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ከመደንዘዝ ወይም ሽንትን መቆጣጠር ካለመቻል ጋር ሲመጣ ግን ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ይገባል ይላሉ።

ለደከሙልን ሁሉ ከልብ እናመሰግናለን። ሊያገኛቸው የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኘዋለሁ። ወደ እርሳቸው የምትሄዱ ሰዎች ከተቻላችሁ ዘወትር የምትሠሩበትን መሣሪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልሆነም ስትሠሩ ባልንጀራችሁ በስልክ የቀረጻችሁን አጭር ቪዲዮ አሳዩአቸው።