የዶሮ ፕሮባዮቲክ ዱቄት፣ ድሬ ላይ ሁለት ዙር ሞክሬው ያየሁት

ሰላም ዶሮ አርቢዎች፣ ስለዚህ ዱቄት ብዙ ሰው እየጠየቀኝ ስለሆነ ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

የመጀመሪያው ዙር ላይ 100 የሥጋ ጫጩት ግንቦት ውስጥ አስገብቼ መድኃኒት ቤት ስሄድ ሻጩ ፕሮባዮቲኩንና ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ አንድ ላይ ሰጠኝ፣ "ሁለቱንም ውሃ ላይ በጥብጪላቸው፣ ቶሎ ይፋፋሉ" አለኝ፣ አመንኩት። አቦ ፕሮባዮቲክ እኮ ሕይወት ያለው ጥሩ ባክቴሪያ ነው፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ባክቴሪያ የሚያጠቃ፣ አንድ ጀሪካን ውስጥ ከበጠበጥሻቸው ገንዘብሽን ውሃ ውስጥ ደፋሽው ማለት ነው! ያውም አንድም የታመመ ጫጩት አልነበረኝም። መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ ሳይታረድ የሚጠበቅ ቀን እንዳለውም አልነገረኝም፣ እኔው ነኝ ማሸጊያው ላይ ያገኘሁት። ይሄ በጣም ነው የሚያናድደኝ፣ ሥጋውን የሚበሉት ልጆቻችን ናቸው፣ ደግሞ ለማፋፊያ ተብሎ በትንሽ በትንሹ ሲሰጥ ባክቴሪያው ይለምደውና የታመመ ሰው ላይ መድኃኒቱ እምቢ ይላል። አውሮፓ ኅብረት ለአሳማም ለዶሮም ለማሳደጊያ አንቲባዮቲክ መኖ ላይ መጨመር ከከለከለ ቆይቷል፣ ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ፣ ስዊድን እንዲያውም በ1986።

ሁለተኛው ዙር ሌላ ሱቅ ሄድኩ። ሴትየዋ ገና ሳልከፍል "እህቴ፣ ውሃሽ የቧንቧ ነው?" አለችኝ፣ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ስለሚገድለው ክፍት ባልዲ ላይ አሳድሪው አለችኝ። ላክቶባሲለስ የሚባለው ጥሩ ባክቴሪያ ያለበትን ከፍሪጅ አወጣችልኝ፣ ባሲለስ የሚባለው ሌላው ባክቴሪያ ግን ሙቀት ስለሚችል ለድሬ እሱ ይሻልሻል ብላ እሱን ሰጠችኝ፣ እኔም ጠዋት ጠዋት የቀዘቀዘ መኖ ላይ እያሸሁ ሰጠኋቸው።

በሳምንቱ ልዩነቱ ታየኝ፣ በፊት ቂጣቸው ላይ ኩስ እየደረቀ ተጣብቆ በለብ ያለ ውሃ አንድ በአንድ ሳጥብ ነበር የምውለው፣ አሁን ንጹህ ናቸው፣ ገለባውም ደረቅ ነው፣ ያ ዓይን የሚያቃጥል ሽታም ቀነሰ። በፊት 11 ሞቶብኝ ነበር፣ አሁን 4። እውነቱን ለመናገር ይሄኛው ዙር ጥር ላይ ስለነበር አየሩም ረድቶኛል። ክብደት ላይ ግን ትንሽ ነው የጨመሩት፣ ተአምር አትጠብቁ፣ መኖው ራሱ ደካማ ከሆነ ዱቄቱ አያድነውም።

ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ከተከፈተ በኋላ እርጥበት ቶሎ ስለሚይዘው ነው፣ ትንሹን ፓኬት ግዙና ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ውስጥ ጥላ ቦታ አስቀምጡት።